ማን ይለፍ፣ ማን ይጠብቅ

ብዙ ሰው የሚፈልገውን ጥቂት ነገር በሥርዓት ማዳረስ ለሰሜን ሸዋው መንዝ አዲስ ጥበብ አይደለም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደሚጀምር የሚነገርለት የጓሳ የቀሮ ሥርዓት የቆመው ለዚሁ ነበር። ጓሳ የሚባለው የመንዝ የሣር ምድር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል፤ ሣሩ ለቤት ክዳንም ለገመድም ይፈለጋል፤ በድርቅ ዘመን ደግሞ ለከብቱ የቀረ የመጨረሻ ግጦሽ እሱ ነው። ሁልጊዜ ለሁሉም ክፍት ቢሆን በአንድ በጋ ተመንጥሮ ያልቅ ነበር። ስለዚህ የቀሮው አለቃ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ዘግቶ ያቆየዋል፤ ሣሩ ሲደርስ የመክፈቻውን ቀን ያስነግራል፤ አጫጅ ይቀድማል፣ ከብት ይከተላል፤ ክረምቱ ሲጠና፣ ሐምሌ አቦ ላይ፣ ተመልሶ ይዘጋ ነበር። ዛሬ የቴሌኮም መሐንዲስ መጨናነቅን ለመቆጣጠር በመሣሪያው ላይ የሚያስገባው ትእዛዝም የሚመልሰው እነዚህኑ ጥያቄዎች ነው፤ መቼ ይከፈት፣ ማን ይቅደም፣ የቱ ላይ ሲደርስ ይብቃ። የቀሮው አለቃ የሚቆጥረው በዓመት ነበር፤ መሣሪያው የሚቆጥረው ሰከንድን ሺህ ቦታ ከፍሎ ነው።

ስልክ በኢትዮጵያ ሥራ የጀመረው በ1887 ዓ.ም. ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተዘረጋው የመጀመሪያው ረጅም መስመር አዲስ አበባን ከሐረር አገናኘ፤ ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር ነበር። እንዲህ ያለ ሽቦ አንድ ጨዋታ ከያዘ ሌላው መጠበቁ ግድ ነው። ወረፋው ግን አያከራክርም ነበር። መስመሩ የቤተ መንግሥትና የገዥዎች ስለሆነ ቅድሚያው በማዕረግ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1904 ጣሊያኖች አስመራን ከአዲስ አበባ የሚያገናኝ መስመር ሲሠሩም ነገሩ ያው ነው፤ ሽቦው ረዘመ እንጂ አልሰፋም።

መንዝና ጎረቤቶቹ ግሼና መርሐ ቤቴ ደግሞ ለሽቦ የማይመች አገር ናቸው። የመንዞቹ ጌራ፣ ማማና ላሎ የተቀመጡበት አምባ ብርዱ አጥንት የሚሰብር ደጋ ነው፤ የመሐል ሜዳ ከተማ ራሷ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። ከዚያ ወደ ምዕራብ አገሩ በወንዝ ይቆራረጣል። ወንጪትና ጀማ አምባውን ሸንሽነው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ከለሚ ተነሥቶ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄድ መንገደኛ ማዶውን እያየ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ይወጣል። ዓይን በደቂቃ የሚያቋርጠውን እግርና ምሰሶ በቀን አያቋርጡትም። ይህ የመሬት አቀማመጥ ከብዙ ዓመት በኋላ ሬዲዮ ሲመጣ በአንድ ወገን ጸጋ፣ በሌላው ወገን መዘዝ እንደሚሆን ማን ያውቅ ነበር?

አስመራ ድረስ ያለው ሽቦ ከተዘረጋ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1909፣ በኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ የሚሠራ አግነር ኤርላንግ የተባለ የሒሳብ ሊቅ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ጥያቄው የነጋዴ ጥያቄ ነበር፤ ይህን ያህል ሰው በዚህ ሰዓት ቢደውል ስንት መስመር ይበቃል? በ1917 መልሱን በአንድ ቀመር አሰፈረው። መለኪያው በስሙ ይጠራል፤ አንድ መስመር ሙሉ ሰዓት ሳይለቀቅ ቢያዝ አንድ ኤርላንግ ነው።

ከዚህ ቀመር የሚወጣ አንድ ውጤት ለገጠር ከተማ መራራ ነው። አሥር መስመር ላይ አሥር ኤርላንግ ቢጫን ከመቶ ጥሪ 21 ያህሉ መስመር ያጣል። መቶ መስመር ላይ መቶ ኤርላንግ ቢጫን ግን መስመር የሚያጣው ከመቶ ስምንት እንኳ አይሞላም። በሁለቱም ቦታ አንድ መስመር የሚሸከመው ጭነት እኩል ነው፤ ነገር ግን የትንሿ ከተማ ሰው የትልቋን ሦስት እጥፍ ያህል ይመለሳል። ጥቂት መስመር ያለው ቦታ ድንገት የመጣን ሰው የሚያስጠጋበት ጥግ የለውም። ስለዚህ ለትልቋ ደብረ ብርሃንና ለትንሿ ራቤል በነፍስ ወከፍ እኩል መስመር መስጠት ፍትሕ ይመስላል እንጂ ፍትሕ አይደለም። ይህን የሚያውቅ የኔትወርክ እቅድ አውጪ ብዙ ነው፤ በጀት የሚያጸድቀው ሰው ማወቁን ግን እጠራጠራለሁ።

በአምስቱ የጣሊያን ወረራ ዓመታት ሽቦ የጦር ዒላማ ሆነ። ራስ አበበ አረጋይና ሌሎች የሸዋ አርበኞች በሚንቀሳቀሱበት ደጋ ጠላት የዘረጋውን አርበኛው ይቆርጣል፤ ጠላትም በሬዲዮ ይተማመናል። ከነፃነት በኋላ የስልክ ሥራ በእውነት የተደራጀው በ1945 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት ወር በአዋጅ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1951 የዓለም ባንክ ለዚሁ ሥራ 1.5 ሚሊዮን ዶላር አበድሮ ነበር። ባንኩ ለአፍሪካ በሰጣቸው የመጀመሪያ ብድሮች ተርታ የሚቆጠር ነው።

የቦርዱ ዘመን የኦፕሬተሮች ዘመን ነው። ከክፍለ ሀገር አዲስ አበባ መደወል የፈለገ ሰው ቴሌ ሄዶ ያስመዘግባል፤ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ስሙ ሲጠራ ወደ ሳጥኗ ይገባል። መጨናነቅን የምትቆጣጠረው በሰሌዳው ፊት የተቀመጠችው ሴት ናት። ገመዱን የምትሰካው፣ «ሰዓትዎ አልቋል» የምትለው፣ የወላድን ጥሪ ከነጋዴው አስቀድማ የምታሳልፈው እሷ ናት። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ አባል የሆነችበት የዓለም የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደግሞ የራሱ ተዋረድ ነበረው፤ የአደጋ ጥሪ፣ ከዚያ የመንግሥት፣ ከዚያ ዋጋው የሚጨምረው አስቸኳይ፣ በመጨረሻ ተራው ጥሪ። ኦፕሬተሯ ግን ደንብ ብቻ አልነበረችም። የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ትለያለች። አውቶማቲክ ማዞሪያ ሲመጣ ፍጥነት ተገኘ፤ ያ ጆሮ ግን ጠፋ። ማሽኑ የሚያውቀው ነፃ መስመር መኖሩንና አለመኖሩን ብቻ ነው፤ ከሌለ የ«ተይዟል» ድምፅ ይሰጣል፤ ደዋዩም ደጋግሞ ይሞክራል። በመጨናነቅ ታሪክ ትልቁ ጠላት ይህ ድጋሚ ሙከራ ነው። መንገዱ ሲጠብ ሁሉም እጥፍ ይገፋል።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ የጓሳ ቀሮ ሥርዓት ፈረሰ፤ ስልኩም ብዙ ሳይቆይ የቦርድ ስሙን ጥሎ በአዲስ ስም የመንግሥት ድርጅት ሆነ። በ1971 ዓ.ም. ሱሉልታ ላይ የሳተላይት ጣቢያ ተተከለ። በየተራራው ራስ የሚቆም ማይክሮዌቭም የሽቦን ቦታ እየወሰደ ሄደ። ማይክሮዌቭ አንቴና ለአንቴና ዓይን ለዓይን መተያየት ይፈልጋል። ለደገኛ ይህ ቀላል ነው፤ ሸለቆውን መውረድ ሳያስፈልግ ከአምባ ወደ አምባ ይዘላል።

በዚህ መሐል ከኢትዮጵያ ርቆ የተፈጠረ አንድ ነገር የዛሬውን ኔትወርክ መልክ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1984 ጆን ናግል የተባለ መሐንዲስ ኮምፒውተሮች የሚያወሩበት መረብ በራሱ ድግግሞሽ ሊታነቅ እንደሚችል ጽፎ አስጠነቀቀ። በጥቅምት 1986 እንደተባለው ሆነ። በካሊፎርኒያ በሎረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል ያለው ርቀት 400 ያርድ ገደማ ነው፤ በሰከንድ 32,000 ቢት ያሳልፍ የነበረው መስመር ድንገት ወደ 40 ቢት ወረደ። ኬብል አልተቆረጠም፤ መሣሪያ አልተቃጠለም። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የላከው ፓኬት፣ ማለት የመልእክት ቁራጭ፣ መልስ ሲዘገይበት ጠፍቷል ብሎ እንደገና ይልካል፤ ያ ድጋሚ ወረፋውን ያረዝማል፤ የረዘመው ወረፋ ሌላ ድጋሚ ይወልዳል።

ቫን ጃኮብሰን ከማይክል ካሬልስ ጋር ሆኖ መፍትሔውን በ1988 አወጣ። ላኪው በጥቂቱ ይጀምር፤ መልስ በመጣ ቁጥር ይጨምር፤ ፓኬት ሲጠፋበት መንገዱ ሞልቷል ብሎ ፍጥነቱን ይቁረጥ። ይህ የይሉኝታ ሥርዓት ነው ማለት ይቻላል። መሐል ላይ ያለው መሣሪያ ማንንም አያዝዝም፤ ዳር ያሉት ራሳቸው ይገታሉ። በ1993 ሳሊ ፍሎይድና ጃኮብሰን መሐለኛውንም መሣሪያ ወደ ሥራው አስገቡት። ወረፋው እስኪሞላ አይጠብቅ፤ መርዘም ሲጀምር አልፎ አልፎ አንዳንድ ፓኬት ሆን ብሎ ይጣል፤ ላኪዎች ቀድመው ይንቁ። ጤነኛ ፓኬት መጣል እብደት ይመስላል። ሁሉም እስኪሞላ ጠብቆ በአንድ ጊዜ ከመውደቅ ግን ይሻላል።

ኢንተርኔት በጥር 1989 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሲገባ ይህ ሁሉ በኮምፒውተሮቹ ውስጥ ተጽፎ ነው የመጣው። ችግሩ ግን የተጻፈው ለአጭር ኬብል ነበር። ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ላይ የቆመ ሳተላይት ጋ ደርሶ፣ ማዶ ወርዶ፣ መልሱ በዚያው መንገድ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ላኪው መልስ ሳይመጣለት ሊልክ የሚችለው ከፍተኛ መጠን በጥንቱ ደንብ 65,535 ባይት ነው። ስለዚህ መስመሩ የፈለገውን ያህል ቢሰፋ አንድ ግንኙነት በሰከንድ ከአንድ ሚሊዮን ቢት ገደማ አያልፍም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ወረዳዎችን በሚያገናኘው በወረዳኔት የሳተላይት ሳህን የተተከለላቸው የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ፋይል ሲጎትቱ ያዩት ቀርፋፋነት ግማሹ የመስመር ጥበት ከሆነ ግማሹ ይህ ነው። መሐንዲስ መጠኑን አስልቶ ካላሰፋው በቀር በገንዘብ የሚፈታ አልነበረም።

ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲጀመር የኔትወርኩ አቅም 36,000 ደንበኛ ነበር። በ1999 ዓ.ም. መንግሥት ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ከገባ በኋላ ታወሩ ወደ ገጠር ተዳረሰ፤ የደጋው መዘዝም በዚህ ጊዜ ታየ።

በከፍታ ላይ የተተከለ አንቴና ሩቅ ያያል። አንድ ሳይት ብዙ ቀበሌ፣ አልፎም የማዶውን ወረዳ ይሸፍናል። ካርታ ላይ ሲታይ ድል ነው። ነገር ግን ብዙ ባየ ቁጥር ሸክም ይበዛበታል። በጂኤስኤም፣ በያኔው የሞባይል ሥርዓት፣ አንድ አቅጣጫ በሁለት ሬዲዮ ቢሠራ 16 የጊዜ ክፍል ይገኛል፤ ሁለቱ ለመቆጣጠሪያ ቢያዙ ለድምፅ 14 ይቀራል። ከመቶ ጥሪ ሁለት ብቻ እንዲወድቅ ከተፈለገ የኤርላንግ ቀመር የሚፈቅደው 8.2 ኤርላንግ ነው። እያንዳንዱ ሰው በተጨናነቀው አንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢያወራ ይህ 330 ሰው ገደማ ነው። በገበያ ቀን፣ በጥምቀት፣ በገና ዋዜማ ስንት ስልክ በዚያ አንቴና ሥር እንደሚቆም አንባቢ ይገምት። ስልኩ ላይ ምልክቱ ሙሉ ነው፤ ጥሪው ግን አያልፍም። የገደሉ ጥላ ያልፈጠረውን ችግር የአምባው ከፍታ ፈጠረው። ሌላም ነገር አለ። ጂኤስኤም በተለመደው አሠራሩ ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ ካለ ስልክ ጋር ጊዜ ማስተካከል አይችልም፤ ማዶ አምባ ላይ የቆመ ሰው ታወሩን ይሰማዋል፣ ታወሩ ግን አያስተናግደውም።

መሐንዲሱ እጁ ላይ ያሉት መላዎች ጥቂት ናቸው። አንደኛው የድምፁን ጥራት ማሳነስ ነው። ጭነቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ አንዱን ክፍል ለሁለት ሰው እንዲያካፍል መሣሪያውን ያዝዘዋል፤ 14ቱ 28 ይሆናሉ፤ የሚስተናገደው ሰው ወደ 800 ይጠጋል። በዓል ሲሆን ድምፅ የሚሻክረው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው፤ ሻካራ ድምፅ ከዝምታ ይሻላል የሚል ሰው ወስኖ ነው። ሁለተኛው ጨከን ያለ ነው። እያንዳንዱ ሲም ካርድ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ በአንዱ ምድብ ውስጥ በዕጣ ይወድቃል፤ ከ11 እስከ 15 ያሉት ለጸጥታ፣ ለነፍስ አድን፣ ለኔትወርኩ ሠራተኛ የተያዙ ናቸው። ጭነቱ ሲከፋ ታወሩ ምድቦችን እያፈራረቀ ለጊዜው እንዳይደውሉ ያስተላልፋል። የምኒልክ ዘመን ወረፋ በማዕረግ ነበር፣ የኦፕሬተሯ በደንብና በርኅራኄ፣ ይህኛው በዕጣ ነው፤ ከላይ ያሉት ጥቂት ምድቦች ግን ማዕረግ ፈጽሞ አለመሻሩን ያሳያሉ።

ሚስኮልን የለመደ ሕዝብም ለዚህ መሣሪያ ፈተና ነበር። ደውሎ መዝጋት ለደዋዩ ነፃ ነው። ለኔትወርኩ ግን አይደለም፤ የመቆጣጠሪያውን መስመር ይይዛል፣ ተቀባዩን ፈልጎ ያስጠራል፣ ሳንቲም ሳያስገባ ይሄዳል።

ኢትዮ ቴሌኮም በኅዳር 2003 ዓ.ም. ተመሠረተ። በ2005 ዓ.ም. ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ማስፋፊያ ተፈራረመ፤ ፎርጂ በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ለ400,000 ደንበኛ በሚበቃ አቅም አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ። በገጠሩም ሰው ከማውራት ወደ ማየት ሲዞር ጭንቁ ከሬዲዮው ወደ ኋላ፣ ታወሩን ከከተማ ወደሚያገናኘው ማይክሮዌቭ ተዛወረ። ያን ሰሞን ዓለም ሌላ በሽታ አግኝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ጂም ጌቲስ እንዳሳየው ማኅደረ ትውስታ ሲረክስ አምራቾች በየመሣሪያው ውስጥ የወረፋውን ማቆያ አለቅጥ አሰፉት። በሰከንድ ሁለት ሚሊዮን ቢት የሚያሳልፍ መስመር ፊት አንድ ሚሊዮን ባይት ማቆያ ቢቀመጥ፣ ሞልቶ ሲገኝ መጨረሻ የገባው ፓኬት አራት ሰከንድ ይጠብቃል። ምንም አይጣልም፤ ስለዚህ ማንም አይገታም፤ ሁሉም ይንቀራፈፋል። በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ጃኮብሰን ያወጡት መላ ርዝመቱን ትቶ የቆይታ ጊዜውን ይለካል፤ ፓኬቶች ከአምስት ሚሊ ሰከንድ በላይ መቆየት ካበዙ መጣል ይጀምራል።

ለሩቅ ሳይት የሚያዋቅር መሐንዲስ እንግዲህ የሚያስገባው ይህን የመሰለ ነው። ድምፅ ለብቻው አጭር ወረፋ ይያዝለት፤ ነገር ግን ሌላውን እንዳያስርብ ጣሪያ ይቀመጥበት። የዳታው ወረፋ ከግማሽ ሲያልፍ በጥቂቱ መጣል ይጀምር፣ ሲገፋ ይጨምር። ማይክሮዌቩ ዝናብ ሲመታው ፍጥነቱን ራሱ የሚቀንስ ከሆነ ራውተሩ ያንን ይወቅ፤ አለበለዚያ የሌለ መንገድ እያሰበ ይልካል። ደጋ ላይ ይህ የመጨረሻው መዘንጋት የለበትም። አምራቹ አስገብቶ የላከውን መነሻ ቁጥር ሳይነኩ መተው ሥራውን ያቀልላል፤ ቁጥሩ ግን የተሰላው ለሌላ አገር ኬብል ነው።

ከመሣሪያው ውጭም አንድ ቁልፍ ነበረ፤ ዋጋ። ውድ ታሪፍ ሰውን ደጅ ላይ ያስቆመዋል፤ ወረፋው በኔትወርኩ ውስጥ ስለማይታይ የሌለ ይመስላል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት በ43፣ ድምፅ በ40 በመቶ ሲቀንስ ደጅ የቆመው ሁሉ ገባ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌብር ተጀመረ፤ በአጭር ቁጥር የሚላከው የገንዘብ ትእዛዝ በጂኤስኤም የሚሄደው ሚስኮል በሚያስጨንቀው በዚያው የመቆጣጠሪያ መስመር ነው። ማውራት የማይቻልበት ሰዓት ከዚያ ወዲህ መክፈልም የማይቻልበት ሊሆን ይችላል።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ደብረ ሲናና ሞላሌ ደረሰ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ አንዳንድ ከተሞች መልሰው ያገኙት ከዓመት ገደማ በኋላ ነው። ይህ ወረፋ አይደለም፤ በወረፋ ሕግም አይዳኝም። መሣሪያው የሚፈተነው መልሶ ሲከፈት ነው። ዘግቶ የቆየ ኔትወርክ ሲለቀቅ ስልክ ሁሉ በአንድ ደቂቃ ልመዝገብ ይላል፤ የተጠራቀመው መልእክት ሁሉ አንድ ላይ ይጎርፋል፤ የተመለሰው ወዲያው ደግሞ ያንኳኳል፤ የበርክሌይ ችግር ማለት ነው። ለዚህ የፎርጂ ደንብ አንድ የጊዜ ቆጣሪ አለው፤ ኔትወርኩ የተጨናነቀበት ጊዜ ስልኩን «ይህን ያህል ቆይተህ ተመለስ» ይለዋል። ቁጥሩን ካልነገረው ስልኩ ራሱ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ውስጥ አንዱን በዕጣ ይመርጣል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዳይመለስ።